ሥራው እናንተ ጋ፣ ማደሪያችን ሌላ ቦታ፦ በፍጥነት ለሚያድጉ የዳርቻ ከተሞች አስተዳዳሪዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በትልልቅ ከተሞች ዳርቻ በፍጥነት እያደጉ ያሉ ከተሞችን ለምታስተዳድሩ ከንቲባዎች፣ የምክር ቤት አባላትና የፕላን ቢሮ ኃላፊዎች በሙሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። በቅድሚያ እንኳን ደስ አላችሁ ልበላችሁ፣ ከልቤ ነው የምለው፣ ሰው የሚሸሸው ስንት ከተማ እንዳለ እናውቃለን፣ ሰው ተሰብስቦ የሚመጣበት ከተማ ማስተዳደር ትልቅ ነገር ነው። ትናንት የእርሻ መሬት የነበረው ላይ ዛሬ ሆስፒታል ቆሞ፣ የካምፓኒ ዋና መሥሪያ ቤት ተከፍቶ፣ መጋዘኑ ሌት ተቀን ሲጭንና ሲያራግፍ፣ ትምህርት ቤቱ በልጅ ሞልቶ ሳይ እኔም ደስ ይለኛል። ግን በየዓመቱ የምታወጡትን ሪፖርት ባነበብኩ ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኛል፣ ዛሬ እሱን ልጽፍላችሁ ነው። የሕዝብ ቁጥር ይሄን ያህል ጨመረ፣ የሥራ ዕድል ይሄን ያህል ጨመረ ብላችሁ ሁለቱን ጎን ለጎን ታስቀምጣላችሁ፣ ሁለቱም መስመር ወደ ላይ ይወጣል፣ ግን እዛ የሚሠራው ሰው እና እዛ የሚኖረው ሰው አንድ ሰው ነው ወይ የሚለውን ጥያቄ ማንም አያነሳውም። የኔ ጥያቄ እሱ ነው።

እኔ ራሴ እንዲህ ባለ ከተማ ውስጥ የምሠራ፣ እዛው ማደር ግን ያልቻልኩ ሰው ነኝ። ሥራዬ አዛውንቶችን መንከባከብ ነው፣ በፈረቃ። አብረውኝ የሚሠሩት አብዛኞቹም እንደዚሁ ናቸው፣ ሌሊት የሆስፒታል ወለል የሚያጸዱት፣ ልጆቻችሁን የሚይዙት፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚደረድሩት፣ ሁሉም ከተማችሁን ጠዋት ገብተውበት ማታ የሚወጡበት ወይ ማታ ገብተውበት ጠዋት የሚወጡበት ሰዎች ናቸው። በሪፖርታችሁ ላይ ግን አለን፣ የሥራ ዕድል ጨመረ ብላችሁ ስትጽፉ እኛንም ቆጥራችሁናል።

እስቲ መጀመሪያ ቁጥሩ ራሱ ምን ማለት እንደሆነ እንነጋገር፣ ብዙ ሰው የሚምታታው እዚህ ጋ ነው። ሥራ የሚቆጠርበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ቤት ለቤት እየተጠየቀ የሚሰበሰብ ነው፣ ሥራ አለህ ወይ ትሠራለህ ወይ ተብሎ፣ ይሄ የሚቆጥረው እዛ ከተማ የሚያድረውን ሰው ነው፣ ሥራው የትም ይሁን የት። ሁለተኛው ከድርጅቶች የደሞዝ መዝገብ የሚሰበሰበው ነው፣ ፔሮል የሚሉት፣ ይሄ ደሞ የሚቆጥረው እዛ ከተማ ውስጥ ያለውን የሥራ ቦታ ነው፣ ሠራተኛው የትም ይደር የት። በዚህኛው አንድ ሰው ሁለት ቦታ ከሠራ ሁለት ሆኖ ይቆጠራል፣ በግሉ የሚሠራ ሰው ደሞ ብዙ ጊዜ ጭራሽ አይገባበትም። ሁለቱ ቁጥሮች የሚነግሩን ነገር ለየቅል ነው፣ ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ ግን ሪፖርት ላይ ሥራ በሚል አንድ ቃል ብቻ ሲቀመጡ አንባቢው የከተማው ሰው ሁሉ ሥራ ያገኘ ይመስለዋል። እና አንዳንዴ አንዱ ዓመት በአንዱ ሌላው ዓመት በሌላው ተቆጥሮ ዕድገት ተብሎ ይወጣል፣ ይሄ እንዳይሆን የፕላን ቢሮ ባለሙያዎች አደራ እላችኋለሁ።

የሥራ አጥ ቁጥሩም እንደዛው ነው። በኛ ከተማ ሥራ አጥነት ዝቅተኛ ነው ስትሉ ሥራ ስለሞላ ሊሆን ይችላል፣ ደሞ ሥራ ያጣ ሰው እናንተ ጋ ቤት ተከራይቶ መቆየት ስለማይችልም ሊሆን ይችላል፣ ሥራውን ባጣ በጥቂት ወር ውስጥ ለቅቆ ይሄዳል፣ ከዛ በኋላ የሌላ ከተማ ሥራ አጥ ሆኖ ነው የሚቆጠረው። ቁጥሩን ብቻ አይቶ የቱ እንደሆነ መለየት አይቻልም፣ ማን እንደወጣ ማን እንደገባ ማየት ያስፈልጋል።

ፕላነሮች የሚጠቀሙበት ሌላ መለኪያ አለ፣ የሥራውን ቁጥር ለመኖሪያ ቤቱ ቁጥር ማካፈል። አንድ ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ሠራተኛ ስለሚኖር ውጤቱ 1.5 አካባቢ ከሆነ ተመጣጥኗል ይባላል። በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የከተማ ፕላን ያስተምር የነበረው ሮበርት ሰርቬሮ እ.ኤ.አ. በ1989 ስለዚሁ ጉዳይ ጽፎ ነበር፣ ሥራ እንደ ጉድ የሚፈላባቸው የዳርቻ ከተሞች ቤት እንዲሠራ ስለማይፈቅዱ ሠራተኛው ከሩቅ እየተመላለሰ መንገዱ እንደሚዘጋ ያሳየበት ነው። እዚህ ላይ ዓመት የምጠቅሰው ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ግን መለኪያው ራሱ ሊያታልል ይችላል። አንድ ከተማ አሥር ሺህ ቤትና አሥራ አምስት ሺህ ሥራ ቢኖረው ሒሳቡ ልክ 1.5 ይመጣል፣ ነገር ግን ቤቶቹ በሙሉ ለትልቅ ደሞዝ የተሠሩ ከሆኑና ከሥራው ግማሹ ትንሽ ደሞዝ የሚከፈልበት ከሆነ፣ ጠዋት ግማሹ ነዋሪ ወደ ውጭ ግማሹ ሠራተኛ ወደ ውስጥ ይነዳል፣ ሁለቱም እዛው አንድ አስፋልት ላይ ይገናኛሉ። ወረቀቱ ላይ ግን ከተማው ሚዛኑን የጠበቀ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ቤት አለ ወይ ብቻ አይደለም፣ እዚህ ከተማ የተከፈተው ሥራ በሚከፍለው ደሞዝ የሚኖርበት ቤት እዚህ ከተማ አለ ወይ ነው።

ይሄን ነገር እኔ አይደለሁም የፈጠርኩት፣ ፍርድ ቤት ደርሶ የተፈረደበት ነገር ነው። የማውንት ሎረልን ታሪክ የማታውቁት ካላችሁ ትንሽ ታገሱኝና ላጫውታችሁ፣ እኔ ከተማ የሚመራ ሰው ሁሉ ቢያውቀው የምለው ታሪክ ነው።

ማውንት ሎረል አሜሪካ ኒው ጀርሲ ውስጥ ለካምደንና ለፊላደልፊያ ቅርብ የሆነች የገጠር መንደር ነበረች። በ1950 ነዋሪዋ 2,817 ነበር፣ በ1970 ግን 11,221 ደረሰ፣ በሃያ ዓመት አራት እጥፍ ማለት ነው፣ እንግዲህ የዛሬውን የናንተን ሪፖርት የሚመስል ዕድገት ነው። አስተዳደሩ ምን አደረገ፣ ፋብሪካ ይመጣል ግብር ይከፍላል ብሎ ከመሬቱ 29.2 በመቶውን፣ 4,121 ኤከር (አንድ ኤከር 0.4 ሄክታር አካባቢ ነው)፣ ለኢንዱስትሪ ብሎ ከለለው። ክሱ ሲሰማ ከዛ ሁሉ መሬት ላይ ኢንዱስትሪ የቆመበት ከ100 ኤከር አይበልጥም ነበር። ቤትን በተመለከተ ደሞ ሕጉ የሚፈቅደው በሰፋፊ ቦታ ላይ ለብቻው የቆመ የአንድ ቤተሰብ ቤት ነበር፣ አፓርታማ አይቻልም። በኋላ ለተወሰኑ ሰፋ ያሉ ፕሮጀክቶች አፓርታማ ሲፈቀድ ደሞ የመኝታ ክፍሉ ቁጥር እንዲያንስ ተደረገ፣ ልጅ እንዳይበዛ፣ ከተባለው በላይ የተማሪ ልጅ ከመጣ የትምህርቱን ወጪ አልሚው እንዲሸፍን ተብሎ። ለምን ቢባል የትምህርት ቤት ወጪ የሚሸፈነው ከቤትና ከመሬት ግብር ስለነበረ ነው፣ ልጅ ያለው ድሃ ቤተሰብ ሲመጣ እንደ ወጪ ነው የታየው።

እዛ ደሞ ዘራቸው ከትውልድ ትውልድ እዛው የኖረ ጥቁር ቤተሰቦች ነበሩ፣ ቤታቸው አርጅቶ የፈራረሰ፣ ልጆቻቸው ሲያድጉ እዛ የሚከራዩት ነገር የሌላቸው። 36 አፓርታማ እንሥራ ብለው ጠየቁ፣ ሠላሳ ስድስት ብቻ። ተከለከሉ፣ አቅም ከሌላችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ የሚል መልስ ነው የመጣላቸው። ኤተል ሎረንስ የምትባል ሴት፣ የሕፃናት ማቆያ አስተማሪ የነበረች፣ ከሌሎች ጋር ሆና ከሰሰች። በ1975 የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ ፈረደላቸው፣ እያንዳንዱ እያደገ ያለ ከተማ ለአካባቢው ትንሽና መካከለኛ ገቢ ላለው ሰው የድርሻውን ያህል ቤት እንዲሠራ በር መክፈት አለበት አለ። ለኔ ከዛ ፍርድ ውስጥ ትልቁ ግን ይሄ ነው፦ አንድ ከተማ ለግብር ጥቅም ብሎ ለኢንዱስትሪና ለንግድ መሬት ከከለለ፣ እዛ ለሚሠሩት ሠራተኞች በአቅማቸው የሚሆን ቤት እንዲሠራም መፍቀድ አለበት፣ ይሄ ጥያቄ የለውም። ግማሽ ምዕተ ዓመት ሆኖታል ይሄ ከተባለ።

ከዛስ አትሉም። ከተማው እምቢ ብሎ ቆየ፣ ጉዳዩ ተመልሶ ፍርድ ቤት ገባ፣ በ1983 ሁለተኛ ጠንከር ያለ ፍርድ መጣ፣ በ1985 ሕግ ወጣ፣ እንደገና ክርክር፣ ኤተል ሎረንስ በ1994 ቤቶቹን ሳታያቸው አረፈች። በስሟ የተሰየሙት 140 አፓርታማዎች የመጀመሪያ ተከራዮቻቸውን ያስገቡት በ2000 ነው። ነዋሪው ያኔ ፈርቶ ነበር፣ ወንጀል ይበዛል የቤታችን ዋጋ ይወርዳል ግብር ይጨምራል ብሎ ብዙ ጮኸ። በኋላ የፕሪንስተኑ ሶሺዮሎጂስት ዳግላስ ማሲና ባልደረቦቹ ገብተው አጠኑት፣ ከተመሳሳይ አጎራባች ከተሞች ጋር እያነጻጸሩ፣ ከተፈራው አንዱም አልደረሰም፣ ወንጀሉም የቤት ዋጋውም ግብሩም በነሱ ምክንያት አልተነካም። እዛ የገቡት ሰዎች ደሞ አመልክተው ቤት ካልደረሳቸው ጋር ሲነጻጸሩ ሥራቸውም ገቢያቸውም የተሻለ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ሠላሳ ዓመት የተሟገቱት ለዚህ ነበር፣ እኔ ይሄን ሳነብ በጣም ነው የማዝነው፣ ምክንያቱም ሠላሳ ዓመት ማለት የአንድ ሰው ሙሉ የሥራ ዘመን ነው።

ቤት ሳያስቡ ሥራ ብቻ መሰብሰብ ምን እንደሚያመጣ ማየት ለሚፈልግ ደሞ ታይሰንስ አለ፣ ከዋሽንግተን ወጣ ብሎ ቨርጂኒያ ውስጥ። የመንገድ መገናኛ ነበር፣ በ1968 ትልቅ የገበያ ማዕከል ተከፈተበት፣ ከዛ ኦፊስ በኦፊስ ላይ ተደራረበ። በ2010 አካባቢ እዛ ከ100 ሺህ በላይ ሥራ ነበር፣ ነዋሪው ግን 20 ሺህ እንኳን አይሞላም። የመኪና ማቆሚያው ከ150 ሺህ በላይ ነበር፣ ማለትም ለመኪናው ማደሪያ ተዘጋጅቶለታል ለሰውየው ግን አልተዘጋጀለትም። ማታ ሁሉም ይወጣል፣ ቦታው ባዶ ይሆናል፣ ጠዋት ሁሉም በአንዴ ሊገባ ይታገላል። ቦታውን የሚያስተዳድረው ፌርፋክስ ካውንቲ (ካውንቲ እንደ ወረዳ ያለ አስተዳደር ነው) በ2010 ይሄ አያዋጣም ብሎ ፕላኑን እንደ አዲስ ጻፈው፣ በ2050 መቶ ሺህ ነዋሪና ሁለት መቶ ሺህ ሥራ እንዲሆን፣ አብዛኛው ግንባታ በባቡር ጣቢያዎቹ ዙሪያ እንዲሆን፣ ከሚሠሩት ቤቶች ደሞ የተወሰነው ለሠራተኛ አቅም የሚሆን እንዲሆን። በ2014 ባቡሩ ገባ፣ አራት ጣቢያ። ጥሩ ነው፣ ግን ከቆመ ሕንፃ መሀል ቤት ማስገባት መጀመሪያውኑ አብሮ ከመሥራት በጣም ከባድና ውድ ነው፣ እናንተ ገና መሬቱ በእጃችሁ ያለ ሰዎች ይሄን ዕድል አታባክኑት።

አብሮ መሥራት ይቻላል ወይ ለምትሉኝ፣ ተሞክሯል፣ ውጤቱም ድብልቅልቅ ነው፣ ሳልደብቅ ልንገራችሁ። ስዊድኖች በ1954 ቬሊንግቢን ስቶክሆልም ዳር ሲከፍቱ ሥራ፣ ቤትና የከተማ ማዕከል አንድ ላይ ብለው ነው ያቀዱት፣ ግማሹ ነዋሪ እዛው ይሠራል ብለው ነበር፣ ሆኖ የተገኘው ከዛ በጣም ያነሰ ነው፣ ሰው ቤት ባለበት ሥራ አይመርጥም ባልና ሚስት ደሞ ሁለት ቦታ ይሠራሉ። እንግሊዞች ከ1946ቱ ስቲቭኔጅ ጀምሮ በሠሩዋቸው አዲስ ከተሞች ግን ሌላ መንገድ ሄዱ፣ ቤቱ የሚሰጠው በዋነኛነት እዛው ከተማ ሥራ ላገኘ ሰው ነበር፣ በዚህም የተነሳ ለረጅም ጊዜ እዛው የሚኖርና እዛው የሚሠራ ሰው ብዙ ነበር። የዛን ዘመን አሠራር እንዳለ ገልብጡ አልልም፣ ሰው ሥራ በለቀቀ ቁጥር ቤት ይልቀቅ የሚል ነገርም አልፈልግም። ግን አንድ ነገር ያሳየናል፣ ቤትና ሥራ አጠገብ ለአጠገብ መቀመጡ ብቻውን አይበቃም፣ ቤቱ ለሠራተኛው ታስቦ መሠራት አለበት። ቬሊንግቢም ቢሆን የታሰበውን ባያገኝም ሜትሮ ስለነበረው እዛ የማይሠራው ነዋሪ በባቡር ሄዶ በባቡር ይመለስ ነበር፣ ይሄም ቀላል ነገር አይደለም።

መንገዱን እናሰፋዋለን የምትሉትን ነገር ባጭሩ ልለፈው። ሂውስተን ውስጥ ኬቲ ፍሪዌይ የሚባለውን መንገድ በ2008 አስፍተው ሲጨርሱ አንዳንድ ቦታ የጎን መንገዶቹ ሲቆጠሩ 26 መስመር ደረሰ፣ ጥቂት ዓመት ቆይቶ የጉዞው ሰዓት እንደገና ረዘመ። ዱራንቶንና ተርነር የሚባሉ ኢኮኖሚስቶች በ2011 ያወጡት ጥናት ደሞ በአሜሪካ ከተሞች የትልልቅ መንገዶች ርዝመት በጨመረ ልክ የሚነዳውም ርቀት በዛው ልክ ይጨምራል ይላል። መንገድ ሲሰፋ ከበፊቱ ሩቅ የሚኖር ሰው ይጨመራል፣ በቃ።

አሁን እናንተን ወደሚያስቸግራችሁ ነገር ልምጣ፣ ክፉ ሰዎች ስለሆናችሁ አይደለም ቤት የማትፈቅዱት፣ ሒሳቡ ስለሚገፋችሁ ነው፣ ይሄን እረዳለሁ። ኦፊስና የገበያ ማዕከል ግብር ይከፍላል ትምህርት ቤት ግን አይጠይቅም፣ ቤት ደሞ ግብር ይከፍላል ግን ልጅ ይዞ ይመጣል። ካሊፎርኒያ በ1978 የንብረት ግብርን በሕዝብ ድምፅ 1 በመቶ ላይ ከገደበ በኋላ፣ የሚገመተውም ዋጋ በዓመት ከ2 በመቶ በላይ እንዳያድግ ካደረገ በኋላ፣ ብዙ ከተሞች የሽያጭ ታክስ የሚያመጣ ነገር ማሳደድ ጀመሩ፣ የመኪና መሸጫና ትልልቅ ሱቅ፣ ቤት ደሞ ወደ ኋላ ቀረ። ከዛ በኋላ ሳን ሆዜ አካባቢ የቴክኖሎጂ ሥራው በአንዴ ሲበዛ ሠራተኛው ተራራ ተሻግሮ ከሳን ዋኪን ሸለቆ መመላለስ ጀመረ፣ ከ1998 ጀምሮ ከስቶክተን ሳን ሆዜ ድረስ ለዚሁ ተብሎ ባቡር ተከፈተለት። ቴክሳስ ውስጥ ደሞ ዳላስ ዳር ያለችውን ፍሪስኮን ተመልከቱ፣ በ2000 ወደ 34 ሺህ ሰው፣ በ2010 ወደ 117 ሺህ፣ በ2020 ከ200 ሺህ በላይ። ዕድገቱ የሚያስገርም ነው። እዛ ከተሞች ሊወስዱት የሚችሉት የሽያጭ ታክስ በሕግ 2 በመቶ ላይ የተገደበ ነው፣ የዳላስን የጋራ ትራንስፖርት የተቀላቀሉ ከተሞች ከዛ ውስጥ 1 በመቶውን ለባቡርና አውቶብሱ ይሰጣሉ፣ ፍሪስኮ ግን ያንን ድርሻ ካምፓኒ ለመሳብና ለከተማ ልማት አዋለው። ካምፓኒው መጥቷል፣ አልካድም። ግን መኪና የሌለው ሠራተኛ በምን ይምጣ የሚለው ጥያቄ የዚያው ውሳኔ ሌላው ገጽ ነው።

ሕንድ ውስጥ ጉርጋኦን ይባል የነበረው፣ አሁን ጉሩግራም የተባለው የዴልሂ ዳርቻ ከተማም አለ፣ ከ1990ዎቹ ወዲህ የዓለም ካምፓኒ ሁሉ የገባበት፣ ትልቅ ከተማ የሚመራበትን የማዘጋጃ ቤት ኮርፖሬሽን ያገኘው ግን በ2008 ነው። እስከዛ ድረስ ከተማው አደገ ሲባል እያንዳንዱ ካምፓኒ የራሱን ጄኔሬተር፣ የራሱን ውሃ ጉድጓድ፣ የራሱን ሠራተኛ ማመላለሻ፣ የራሱን ጥበቃ ይዞ ነው፣ ከካምፓኒው አጥር ውጭ ያለው ሰው ግን ይሄ ሁሉ የለውም። ሥራ ቀድሞ አስተዳደር ሲከተል እንዲህ ይሆናል።

ስለ ልጆችም አንድ ነገር ልበል፣ ብዙዎቻችሁ አሁን ትምህርት ቤት መሥራት ላይ ስለተጠመዳችሁ። ቶኪዮ ዳር ያለው ታማ ኒው ታውን የመጀመሪያዎቹን ነዋሪዎች ያስገባው በ1971 ነው፣ አብዛኞቹ ወጣት ባለትዳሮች፣ እኩያሞች። ልጆቻቸው በአንድ ጊዜ ትምህርት ቤት ገቡ፣ ክፍል አልበቃ አለ፣ ተሠራ። ከዛ ልጆቹ በአንድ ጊዜ አደጉ፣ ወጡ፣ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ወላጆቹም በአንድ ጊዜ አረጁ። እኔ አዛውንት የምንከባከብ ሰው ስለሆንኩ ይሄ ታሪክ በጣም ይገባኛል። አንድ ዓይነት ቤት ለአንድ ዓይነት ቤተሰብ በአንድ ጊዜ ሠርታችሁ ከሞላችሁት ከተማው እንደ አንድ ሰው ነው የሚያረጀው፣ ያኔ የሚንከባከባቸው ሰው ከየት ይምጣ፣ ለሱ የሚሆን ቤት ሳይሠራ ቀርቷል። ትንሹም ትልቁም ቤት፣ የኪራዩም የግሉም ተደባልቆ በየጊዜው ሲሠራ ግን ወጣቱም ሽማግሌውም ሁሌ ይኖራል፣ ትምህርት ቤቱም አይዘጋም። ይሄ ለናንተው ለሒሳባችሁ የሚጠቅም ነገር ነው።

ያደረጉትም አሉ፣ አይቻልም እንዳትሉኝ። ሜሪላንድ ውስጥ ሞንጎመሪ ካውንቲ በ1974 ሕግ አወጣ፣ ከተወሰነ ቁጥር በላይ ቤት የሚሠራ አልሚ ከቤቶቹ ውስጥ የተወሰነውን፣ ከ12.5 እስከ 15 በመቶ አካባቢ፣ በመካከለኛ ገቢ ለሚገኝ ዋጋ ያቅርብ፣ በምላሹ ሕጉ ከሚፈቅደው ትንሽ አብዝቶ እንዲሠራ ይፈቀድለታል። በዚህ መንገድ ከአሥር ሺህ በላይ ቤት ተገኝቷል፣ ከሌላው ቤት ጋር እዛው ሰፈር ተቀላቅሎ። ከስህተታቸውም ተማሩ፣ መጀመሪያ ቤቱ በዛ ዋጋ የሚቆየው 5 ዓመት ብቻ ነበር፣ ከዛ በኋላ ባለቤቱ በገበያ ዋጋ ይሸጠዋል፣ ስለዚህ በአንድ በኩል እየሠሩ በሌላ በኩል ብዙ ሺህ ቤት ጠፋባቸው። በ2005 ለሚሸጠው 30 ዓመት ለሚከራየው 99 ዓመት አደረጉት። ይሄን የምነግራችሁ እንዲህ ያለ ደንብ ስታወጡ የዓመቱ ገደብ ላይ እንድትጠነቀቁ ነው፣ ዋናው ነገር እዛች ትንሽ አንቀጽ ውስጥ ነው ያለው። ቦስተን ደሞ በ1983 ትልቅ ኦፊስ የሚገነባ አልሚ ለቤት ሥራ የሚውል ገንዘብ እንዲያዋጣ አደረገ፣ ኦፊሱ ሠራተኛ ያመጣል ሠራተኛው ቤት ይፈልጋል በሚል። ይሄም ያስኬዳል።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይሄን ነው። ለካምፓኒ ፈቃድ ስትሰጡ ስንት ሥራ እንደሚከፍት ትጠይቃላችሁ፣ ያንን አትተዉ፣ ግን አብራችሁ ደሞዙ ስንት እንደሆነና በዛ ደሞዝ የሚከራይ ቤት ከተማችሁ ውስጥ ስንት እንዳለ ጠይቁ፣ ከሌለ ፈቃዱ ከቤት ጋር አብሮ ይሂድ። ፈረቃ ያለበት ድርጅት ሲገባ አውቶብሱ ከሌሊቱም ፈረቃ ጋር እንዲገጥም አድርጉ፣ የመጨረሻው አውቶብስ ከሄደ በኋላ የሚያልቅ ሥራ መኪና ለሌለው ሰው ሥራ አይደለም። የሕፃናት ማቆያም እንደዚሁ፣ ጠዋት ተከፍቶ ማታ የሚዘጋ ማቆያ ለነርስና ለመጋዘን ሠራተኛ አይሆንም። ከአፓርታማ ጋር የሚያያዘውን የመኪና ማቆሚያ ግዴታም ብትቀንሱት ጥሩ ነው፣ ለእያንዳንዱ ቤት ሁለት መኪና ማቆሚያ ሥራ ሲባል ዋጋው ኪራዩ ላይ ነው የሚጨመረው፣ ሳይነዳ የሚኖር ሰውም ይከፍለዋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። እኛ መራጫችሁ አይደለንም። እዛ እንሠራለን እንጂ እዛ ስለማንኖር ድምፅ አንሰጥም፣ ማስተር ፕላን ሲወጣ አስተያየት የሚጠየቀው ነዋሪው ነው፣ አዲስ አፓርታማ ይሠራ ወይስ አይሠራ ሲባል ስብሰባ የሚመጣው አሁን ቤት ያለው ሰው ነው፣ ነገ እዛ ሊኖር የሚችለው ሰው ገና ስላልገባ ወንበር የለውም። ነዋሪው ትራፊኩ ይበዛብኛል ሲል እሰማዋለሁ፣ እውነቱን ነው፣ ግን ትራፊኩ ውስጥ ያለነው እኮ እኛ ነን፣ እዛው ብንኖር በእግራችን ነበር የምንመጣው። የኒው ጀርሲው ፍርድ ቤት ይሄ ገብቶት ነበር፣ ከሳሾቹ ውስጥ ከከተማው ውጭ የሚኖሩ ሰዎችም ነበሩ፣ አንድ ከተማ ሲያቅድ አጥሩ ውስጥ ያለውን ብቻ ሳይሆን የአካባቢውን ሕዝብ ማሰብ ግዴታው ነው ብሎ ነው የፈረደው። ፍርድ ቤት እስኪያዛችሁ አትጠብቁ።

ስለዚህ የሚቀጥለው ዓመታዊ ሪፖርታችሁ ላይ ከሕዝብ ቁጥሩና ከሥራው ቁጥር አጠገብ ሦስተኛ መስመር ጨምሩልን፦ ከተማችን ውስጥ ከሚሠሩት ሰዎች ስንቱ ከተማችን ውስጥ ይኖራል፣ በደሞዝ ደረጃ ተከፋፍሎ። ዳታው በብዙ አገር አለ፣ የሠራተኛ መዝገብና የቆጠራ መረጃ ላይ የሥራ ቦታም የመኖሪያ ቦታም ይመዘገባል፣ የፕላን ቢሮአችሁ ሊያወጣው ይችላል። እና ስለ ቤትና ስለ መሬት ሕዝብ የምታወያዩበትን ስብሰባ እዛ ለሚሠራም ሰው ክፍት አድርጉት፣ አንዱን ስብሰባ ደሞ የቀን ፈረቃ ወጥቶ የማታው በሚገባበት ሰዓት እዛው ሆስፒታሉ ወይ መጋዘኑ አካባቢ አድርጉት። እኛ እንመጣለን፣ ሥራችንን ስለምንወደው እና ከተማችሁንም ስለምንወደው።

ከአክብሮት ጋር፣

ከተማችሁ ውስጥ የምትሠራ አንዲት ተንከባካቢ